ምክትል የጎተራ ሹም

ተረት ተረት!

የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ነጩና ጥቁሩ ዓባይ በሚገናኙበት ዳርቻ አያ አንበሶ ነግሦ ይኖር ነበር። የአገሩ ሁሉ ጎተራ የተተከለው በእሱ ደጅ ነው። እህሉ የሚበቅለው ግን ርቆ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ገዳሪፍ በሚሉት ሜዳ ላይ ነበር። የገዳሪፍ መሬት መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የፍየል እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ የረገጠውን ጫማ አይለቅም። ያን መሬት ያረሰ ማሽላውንም ሰሊጡንም በጆንያ ያፍሳል። እንግሊዞች እንኳ በ1944 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ጦራቸው ቀለብ ቢቸግራቸው ትራክተራቸውን ይዘው የወረዱት እዚያው ገዳሪፍ አጠገብ፣ ገደምበሊያ ወደሚባለው ሜዳ ነው። አገሩን ሁሉ የሚያበላው ይህ ሜዳ ለራሱ የሚጠጣው ውኃ አልነበረውም። በከተማው ውኃ የምትሸጠው ጋሪ የምትጎትት አህያ ነበረች፤ በበጋ ደግሞ ዋጋዋን እንደ ፊቷ ታስረዝማለች።

በሜዳው ላይ ጃርት፣ ጅግራና ግመል ይኖራሉ። ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ቀይ ባሕር በሚወስደው ድንጋያማ አገር፣ የተራራ ፍየል ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ደግሞ ከጎንደር በኩል በመተማ ተሻግረው፣ ጋላባትን አልፈው የሚመጡ ጉንዳኖች አሉ። ሰሊጡን የሚያርሙት፣ ሲደርስም ፍሬው ሳይረግፍ የሚያጭዱት እነሱ ናቸው። ጉንዳን ሹመት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሠራበትን ሒሳብ ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ አያገኝም። ይህን ተረት ያቀበሉኝ ጉንዳኖቹ ስለሆኑ ትንሽ ወደ እነሱ ባደላ አትፍረዱብኝ።

የጎተራው ሹም አያ ጅቦ ነበር። ቁልፉን በጠፍር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲተኛም አያወልቀው። አዝመራ በደረሰ ጊዜ ጆንያው ሜዳው ላይ ይቆጠራል፣ ባቡር ላይ ይጫናል፣ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ረኀብ በገባ ጊዜ የምሥራቅ አራዊት ወደ አያ ጅቦ መልእክተኛ ይልካሉ። አያ ጅቦም ደብተሩን ገልጦ፣ በጣቱ ወደ ታች እየወረደ ፈልጎ፣ "አላችሁ፤ ተመዝግባችኋል" ይላል። ከመመዝገብ ያለፈ ያገኘ ግን የለም።

በመጨረሻ የተራራው ፍየል አመረረ። ቀንዱን በዓለት እየሳለ ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ያውክ ጀመር። ግመልም ተከተለው፣ ጅግራም ተከተለች፣ ጃርትም እሾኹን አቁሞ ገባበት። ስማቸውን "የምሥራቅ ግንባር" አሉት። በደጋው የሚኖር አንድ ጎረቤት ነበራቸው፤ ለዓመታት አስጠግቶ ያበላቸው እሱ ነው። ኋላ ከአያ አንበሶ ጋር ያለውን ቂም ሲያበርድ ደግሞ አስታራቂ ሆኖ መካከላቸው ተቀመጠ። አንድ ጎረቤት ጠብ አሳዳሪም ሽማግሌም ሲሆን እርቁ የማንን ሆድ እንደሚሞላ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያሻም።

ለእርቁ ድርድር አያ አንበሶ የላካት ጸሐፊውን እመት ጦጢትን ነበር። ጦጢት ክርኗን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ እንዲህ አለች፦

"የጻፋችሁትን አየሁት። ውኃ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ከእህሉም ድርሻ። መልካም ነው፤ ማን ይቃወማል? ግን አያ ፍየሎ፣ መጀመሪያ ማን የት እንደሚቀመጥ እንጨርስና ውኃው ከዚያ ይቀጥላል።"

ፍየልም "ይሁን" አለ።

በዚያች "ይሁን" ቀናት አለፉ። የንጉሡ ረዳት የሚባለው በርጩማ ከዙፋኑ ስንት ክንድ ይራቅ? ለአማካሪዋ ትራስ ይሰጣት ወይስ አይሰጣት? ግመል ቁመቱ ረጅም ነውና በርጩማው ዝቅ ቢልለት ይሻላል ወይስ ክብሩ ይነካል? ውኃው የተነሣው በመጨረሻው ቀን፣ ሁሉም ለመሄድ ጓዙን ከሸከፈ በኋላ ነው። ጦጢት ችግር አልነበረባትም። "ስድስት መቶ ጆንያ" ብላ ጻፈች፤ "በአምስት ዓመት። ለመጀመሪያው ዓመት መቶ፣ ለቀሩት አራት ዓመታት መቶ ሃያ አምስት መቶ ሃያ አምስት።" ጅግራ በልቧ ደመረችው፤ ልክ ነው። ፈረሙ።

እዚህ ላይ ከተረቱ ልውጣና የምታውቁትን ላስታውሳችሁ። ጥቅምት 14 ቀን 2006 አሥመራ ላይ የሱዳን መንግሥትና የምሥራቅ ግንባር በኤርትራ ሸምጋይነት ሰላም ፈረሙ። የግንባሩ መሪ ሙሳ መሐመድ አሕመድ የፕሬዚዳንት አል በሺር ረዳት ሆኑ። አምና ዲራር አማካሪ፣ የራሻይዳዎቹ መሪ መብሩክ ሙባረክ ሳሊም ደግሞ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ። ለቀይ ባሕር፣ ለከሰላና ለገዳሪፍ መልሶ ግንባታ የተገባው ቃል በአምስት ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2007 100 ሚሊዮን፣ ከዚያ እስከ 2011 በየዓመቱ 125 ሚሊዮን። ጦጢት ሒሳቡን ከራሷ አላመጣችውም።

ወደ ጃርት እንመለስ። ለጃርት የደረሰው ምክትል የጎተራ ሹምነት ነው። ከገዳሪፍ የተሾመ የመጀመሪያው ጃርት ስለሆነ ከበሮ ተመታለት፣ በሬ ታረደለት። ወደ ምዕራብም ሄደ።

ቢሮው ከጎተራው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነበር። ውስጡ አንድ በርጩማ፣ አንድ ደወል፣ አንድ ደብተርና አንድ ማኅተም አለ። ማኅተሙ ላይ "ምክትል" የሚለው ጎላ ብሎ "የጎተራ ሹም" የሚለው ጠርዝ ላይ ተጨናንቆ ተቀርጿል። ጃርት ማኅተሙን እፍ አለበትና ባዶ ወረቀት ላይ አሳረፈው። አማረለት። ደግሞ አሳረፈው። ከግድግዳው ማዶ እህሉ ሲንሸራተት ይሰማዋል፤ አይጦቹ ሲንጫጩ ይሰማዋል፤ ሽታው ራሱ የገዳሪፍ ማሽላ መሆኑን ይነግረዋል። በሩ ግን በአያ ጅቦ በኩል ነው። በጃርት በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ደወሉን ደወለ። ማንም አልመጣም። እንደገና ደወለ። አንዲት ሻይ የምታፈላ ዝንጀሮ ብቅ ብላ "ክቡር ምክትል፣ ደወሉ ለሻይ ነው፤ ስኳር ስንት ላድርግ?" አለችው።

ጃርት ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፈ። "ጉዳዩ፦ የመጀመሪያው ዓመት መቶ ጆንያ እንዲለቀቅ ስለመጠየቅ።" ማኅተሙን አሳረፈና ላከ። መልሱ ከሁለት ጨረቃ በኋላ መጣ፤ "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።" የጻፈው አያ ጅቦ ነው፤ ከጃርት ግድግዳ ጀርባ ካለው ክፍል። ደብዳቤው ግን በቤተ መንግሥቱ፣ በመዝገብ ቤቱና በጦጢት ጠረጴዛ ዞሮ ነበር የደረሰው።

ከገዳሪፍ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው አክስቱ ናት፤ እሾኽዋ የተመናመነ አሮጊት ጃርት።

"የኔ ልጅ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ" አለችው፤ በርጩማውን በእጇ እየዳበሰች። "ጆንያው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ጽፌያለሁ እቴትዬ።"

"ለማን?"

"ለአያ ጅቦ።"

"አያ ጅቦማ ድሮም እናውቀዋለን፤ ያኔም ጽፈንለታል። አንተን የላክንህ ልትጽፍለት ነው?"

ጃርት ዝንጀሮዋን ጠርቶ ለአክስቱ ሻይ አዘዘላት። ሦስት ስኳር።

ጉንዳኖቹ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ስቄ አልጨርሰውም። ጃርት ከመሾሙ በፊት የገዳሪፍ አራዊት የሚራገሙት አያ ጅቦን ነበር። ከተሾመ በኋላ የሚራገሙት ጃርትን ሆነ፤ የቤታቸው ልጅ ነውና ቅርብ ነው፣ ስሙን ያውቁታል፣ የአባቱን ጉድጓድ ያውቁታል። አያ አንበሶ በአንድ በርጩማ ሁለት ነገር ገዛ፤ እሾኹን አስተኛለት፣ እርግማኑንም ወደ ሌላ አዞረለት። ከዚህ የረከሰ ግዢ በገበያ አይገኝም።

በሸንጎ ቀን ምክትሎቹ ከግድግዳው ሥር ይደረደራሉ። ሲጠየቁ ይናገራሉ። ድምፅ ሲሰጥ ግን "እጃችሁን አውርዱ፣ ቆጠራው ይሳሳትብናል" ይባላሉ። አንድ ቀን ጃርት በዚህ ተበሳጭቶ ሲወጣ ራዛ አገኘችው። ራዛዎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በመስከረም ወደ ምሥራቅ ሱዳን የሚወርዱ፣ በገዳሪፍ እርሻ አንበጣ እየለቀሙ የሚከርሙ ናቸው፤ ወሬ ይዘው ነው የሚመጡት።

"ምን ያስከፋሃል?" አለችው። "እንዲህ ያለው በሠለጠነው አገርም አለ። አየርላንድ የሚሏት ደሴት ላይ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎችና ጥቂት የግል ተመራጮች ተጣምረው መንግሥት ሊያቆሙ ቢሉ ወንበር አነሳቸው። በ2025 ሕጉን አሻሽለው የሚኒስትር ዴኤታዎቹን ቁጥር ከ20 ወደ 23 አሳደጉት። ከእነሱም አራቱ ካቢኔው ጠረጴዛ ድረስ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ተቃዋሚዎቹ 'ይህ ሕገ መንግሥቱ የማያውቀው ነው' ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ።"

(ተረት ስለሆነ ራዛዋ ዓመታት ቀድማ ብትናገር አትከራከሩኝ።)

"ፍርድ ቤት?" አለ ጃርት። "ወንበሩን ለማስጨመር?"

"ለማስነሣት።"

ጃርት ግራ ገባው። "የእነሱ ዴኤታዎች ቢሮ ግድግዳው በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቃት። ራዛዋ ይህን አላየችም። ነገር ግን "ደሴቲቱ ላይ ጎተራው የት እንዳለ ሁሉም ያያል፤ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ በየዓመቱ ይነበባል። ጠቡ በወንበሩ ላይ ነው እንጂ በቁልፉ ላይ አይደለም" አለችው። ጃርት ይህን ሲሰማ ከቅድሙ የባሰ ከፋው።

ከምክትሎቹ ሁሉ ድምፁ አንድ ጊዜ የተሰማው የመንገድ ምክትሉ ግመል ነው። በ2009 መጀመሪያ ሌሊት በበረሃው ላይ ብረት ወፎች መጥተው በአሸዋው የሚጓዙትን ቅፍለት አቃጠሉ። አያ አንበሶ ዝም አለ። ግመል ግን በረሃው የእሱ ነው፣ የተቃጠሉትም በእሱ መንገድ የሚያልፉ ናቸውና በአደባባይ ተናገረው። በእውነተኛው ዓለምም የሆነው ይኸው ነበር፤ የአየር ድብደባውን በዚያ ዓመት መጋቢት ለዜና ሰዎች ከተናገሩት አንዱ ሚኒስትር ዴኤታው መብሩክ ሳሊም ነበሩ። ዓለም ሁሉ ጆሮውን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ያቀናው ያን ሰሞን ነው፤ ስለ ውኃው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ግንባሩስ? ግንባር የነበረው ጀርባና ጀርባ ሆነ። ፍየል በአንድ በኩል፣ ጅግራ በሌላ፣ ግመል በሦስተኛ ሄዱ። የተጣሉት በጆንያው ቢሆን ኖሮ አዝን ነበር፤ የተጣሉት ቀጥሎ የሚመጣውን በርጩማ ማን ይጠቁም በሚለው ነው። ሹመት ሲነሣ ሁልጊዜ የምንወቅሰው ሰጪውን ነው። እኔ ተቀባዩንም አልምረውም። ከተራራ ወርዶ ሲዋጋ የነበረ ፍየል በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ቀንዱን ማንም አልቆረጠበትም፤ ኮፍያው እንዲመቸው ብሎ የሞረደው ራሱ ነው። ጉንዳኖቹ ይህን እኛም አገር አይተነዋል ይላሉ፤ በ1991 አዲስ አበባ ላይ 87 ወንበር ያለው የሽግግር ምክር ቤት ሲቋቋም ስንቱ ነፃ አውጪ የወንበር ቆጣሪ እንደሆነ ያስታውሳሉ።

ጆንያዎቹ ጥቂት ጥቂት እያሉ መጡ፤ ሙሉው ግን አልመጣም። በ2010 መጨረሻ ኩዌት ላይ ለምሥራቁ ሌላ ትልቅ ድግስ ተደግሶ፣ ለጋሾች ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ገቡ። ጃርት ለዚህም ደብዳቤ ጻፈ። ማኅተሙ እየደከመ ስለመጣ ሁለቴ መርገጥ ነበረበት።

ከዚያ ዳቦው መጣ። በ2018 ታኅሣሥ የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ዘለለ። ዐትባራ ላይ እሳት ተነሣ፤ በማግሥቱ ገዳሪፍ ተነሣች። እዚያ ከወጡት ውስጥ በጥይት የወደቁ ነበሩ። ማሽላ በባቡር ስትልክ የኖረች ከተማ ዳቦ አጥታ ስትሞት አያ አንበሶ ሊረዳው አልቻለም፤ "ምክትል የጎተራ ሹም እኮ ከእነሱ ነው!" ይል ነበር አሉ። በሚያዝያ 2019 ዙፋኑ ተገለበጠ። አያ ጅቦ ግን የተገለበጠው ዙፋን ሥር አልነበረም። ቁልፉን እንዳንጠለጠለ ከአዲሶቹ ጋር ቆሞ ሲያጨበጭብ ታየ።

አዲሶቹ ብዙ ነበሩ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ አሉ፣ መነጽር ያደረጉ አሉ፣ ከዳርፉር በረሃ የመጡ ጠመንጃ ያነገቱ አሉ። ብዙ ሲሆኑ ብዙ በርጩማ ያስፈልጋል። እመት ጦጢት ብዕሯን ይዛ እዚያው ነበረች። በጥቅምት 2020 ጁባ ላይ ሲፈራረሙ ለታጣቂዎቹ ከካቢኔው ሩቡ፣ ከ300ው የምክር ቤት ወንበር 75ቱ፣ ከላይኛው ምክር ቤትም ሦስት ተቆረጠላቸው። ለምሥራቁም አንድ መስመር ተሰመረለት። የፈረሙለት ግን ተራራው ላይ ያሉት ፍየሎች "እነማን ናችሁ?" የሚሏቸው ነበሩ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ለከሰላ ገዥ እንዲሆን ሽኮኮ ተሹሞ ነበር። ሽኮኮ የተማረ ነው፤ በወሬ ነጋሪነት የኖረ፣ ለውጡን የደገፈ። የከሰላ ዓለቶች ግን ለሁለት ተከፍለው ነበርና ግማሾቹ "ከገባ እንጋጫለን" አሉ። ሽኮኮ የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ከከተማው ውጭ ተቀመጠ። ገዥ ነው፤ የሚገዛው አገር ማዶ ነው። በጥቅምት፣ ወንበሩን ሳያይ ተሻረ። በእሱ ምክንያት በከሰላና በባሕሩ ዳር ደም ፈሰሰ። እውነተኛው ስሙ ሷሌሕ ዐማር ነው፤ ጋዜጠኛ ነበር። ከምሥራቅ ሹመቶች ሁሉ የማዝነው ለዚህኛው ነው፤ ቢያንስ ሌሎቹ ሻይ ጠጥተዋል።

በመስከረም 2021 የፍየሎቹ ሽማግሌዎች የጁባው መስመር ይሰረዝ ብለው ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደውን መንገድና ወደቡን ዘጉ። ስንዴውም ነዳጁም ከማዶ ቀረ። ሸንጎው ይህን ሲጨቃጨቅ ጥቅምት 25 ቀን የደንብ ልብስ የለበሱት መነጽር ያደረጉትን አስረው በርጩማውን ሁሉ ሰበሰቡት። ዓመት ተመንፈቅ አለፈና፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ በርጩማውን የሰበሰቡት ራሳቸው እርስ በርስ ተነካከሱ። ከሁለቱ ዓባዮች ዳርቻ የተሰደደው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ፈሰሰ። ገዳሪፍ ትምህርት ቤቷን ዘግታ ስደተኛ አሳደረችበት። ሸንጎውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ፍየሎቹ አገር ወረደ፤ ለዘመናት አቤት ሊሉበት ይሄዱበት የነበረው መንግሥት በእግሩ ደጃቸው መጣላቸው።

ጃርት ያን ጊዜ ገዳሪፍ ጉድጓዱ ገብቶ፣ የአክስቱን ልጆች ይዞ፣ ከስደተኞቹ ጋር ማሽላ ይካፈል ነበር። አንድ ቀን እመት ጦጢት አቧራ ለብሳ፣ ከረጢቷን አንግታ መጣች።

"ክቡር ምክትል! ስፈልግህ ነው የከረምኩት" አለችው። "አዲስ መንግሥት እየተዋቀረ ነው። ለምሥራቁ ድርሻ ይሰጠው ተብሏል። ምክትል የጎተራ ሹምነቱ ያንተው ነው።"

ጃርት ብዙ ዘመን የያዘውን ጥያቄ አወጣው። "ቁልፉስ?"

"አያ ጅቦ ይዞት ሸሽቷል ይላሉ። የት እንዳለ ግን በትክክል አይታወቅም።"

"ሌላ ቁልፍ አይሠራም?"

"ለምን በር? ጎተራው እኮ ተቃጥሏል። ስማኝ፣ ሹመቱ ግን አልተቃጠለም።"

ሰሊጥ የሚያርሙ ጉንዳኖች በአጠገባቸው እያለፉ ነበር፤ ጦርነትም ሆኖ አረሙ አልቀረምና። አንዷ ቆም ብላ "ጋሼ ጃርት፣ እንዳይቀበሉ" አለችው።

ጃርት እሾኹን ነቀነቀ። ጦጢት ከረጢቷን ከፍታ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ጃርት ጎንበስ ብሎ አየው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቀና አለና፦

"ማኅተሙ አዲስ ነው ወይስ የድሮው?" ብሎ ጠየቃት።